የቀላ ሴረም

ስለ ሳንባ ካንሰር የደም ምርመራዎች ባሰብኩ ቁጥር ወደ ኤንኤስኢ (NSE)፣ በደም ውስጥ ወደሚለካው ፕሮቲን፣ እመለሳለሁ። የሚያሳስተው ብዙ ነው። ባለ ትንንሽ ሴል በሚባለው የሳንባ ካንሰር ይጨምራል፤ ግን ይኸው ፕሮቲን በቀይ የደም ሴልና ደም እንዲረጋ በሚረዳው ፕሌትሌት ውስጥም አለ። ሲሪንጁ በኃይል ከተሳበ ወይም ቱቦው ከተናጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ፣ ሴረሙ (ደሙ ረግቶ ሲለይ የሚቀረው ፈሳሽ) ይቀላል፣ ዕጢው ባላደገበት ቁጥሩ ይወጣል። ሴሎቹ ሳይፈነዱም ደሙ ሳይለይ ቢቆይ ያው ነው፤ በ1 ሰዓት ውስጥ በሴንትሪፉጅ መለየት አለበት። ጠዋት ተቀድቶ ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ የሚደርስ ቱቦ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። የቀላውን በግምት ቀንሶ ማንበብ የሚባል ነገር የለም፤ እንደገና መቅዳት ነው።

ለዚሁ ካንሰር ፕሮጂአርፒ (ProGRP) የሚባለው ሌላ ፕሮቲን ይሻለኛል። የእሱም አመል አለው፦ ደም ሲረጋ የሚነሳው ትሮምቢን የሚባል ኢንዛይም ይቆራርጠዋል፣ ስለዚህ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ ያለበት ቱቦ ይመረጣል። ኩላሊት ሲደክምም ደም ውስጥ ይከማቻል፤ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬአቲኒን ሳያዩ መደናገጥ አይገባም።

ሌላው የካንሰር ጠቋሚ፣ ሲኢኤ (CEA)፣ ሲጋራ በሚያጨስ ሰው ያለ ካንሰርም ከፍ ይላል። ሳይቶኬራቲን 19 የሚባለው የሴል ፕሮቲን ስባሪ የሆነው ሳይፍራ 21-1 ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ወሰኑ 3.3 ናኖግራም በሚሊሊትር ቢሆንም፣ በቲቢም ሊያልፈው ይችላል። አማርኛችን «ነቀርሳ» ብሎ ካንሰርንና ቲቢን በአንድ ስም ሲጠራ ኖሯል፤ ሳይፍራም አይለያቸውም።

ለዚህ ነው እነዚህን ምርመራዎች ጤነኛ ሰው ላይ ካንሰር ለመፈለግ ማዘዝ የማልወደው። ካንሰሩን የሚያረጋግጠው ከዕጢው የሚወሰድ ናሙና ሥጋ ነው፤ መድኃኒት የሚያስመርጡት የዕጢው መለያዎች፣ ኢጂኤፍአር፣ ኤኤልኬና ፒዲ-ኤል1፣ ዋነኛ ምንጫቸው እሱ ነው። የደሙ ቁጥር የሚጠቅመው ክትትል ላይ ነው፦ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት አንድ መነሻ፣ ከዚያ በየዙሩ። ኬሞ በተሰጠ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚሞቱት ሴሎች ይዘታቸውን ስለሚያፈሱ ቁጥሩ ለጊዜው ሊዘል ይችላል፤ ያን ጊዜ ለክፉ አለመተርጎም።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲንም በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን በሐሰት ዝቅ ያደርጋል፤ መጠየቅ ነው። የአንዱን አምራች ቁጥር ከሌላው ጋር ማነጻጸርም አይቻልም። ላቦራቶሪው መሣሪያ ከቀየረ የታካሚው ናሙና አንድ ጊዜ በሁለቱም ይለካና አዲስ መነሻ ይያዝለት።