ባልዲው ውስጥ የደረቀ ሞልታ

ብራዚል ሳኦ ፓውሎ ውስጥ በቤት እድሳት ሥራ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ አሮጌ ቤት ላይ ግድግዳው ከሸክላ ክዳኑ የሚገናኝበትን ቀዳዳ ሁሉ በሞልታ፣ ማለትም በሲሚንቶና አሸዋ ድብልቅ፣ እንድደፍን ታዘዝኩ። ወፍ መኖር አለመኖሩን አስቀድሜ እንድመለከት ተነግሮኛል፤ አየሁም። እኛ አገር ጨረባ ከጣሪያ ሥር ጎጆዋን በጭቃ ትለስናለች፤ ስለዚህ የፈለግኩት ጭቃ ነው። ጭቃ የለም። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ጸጥ ብሏል። «የጨረባ ተዝካር» እያለ ያደገ ሰው ጨረባ ያለበት ቤት ዝም ይላል ብሎ እንዴት ይጠርጥር? ደፍኜ ወረድኩ።

ምሳ ላይ ሁለት ወፎች መጡ። ጀርባቸው ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፣ ሆዳቸው ነጭ ነው፣ ከጅራታቸው ሥር ጥቁር። አንደኛዋ በአፏ ነፍሳት እንደያዘች እርጥቡን ልስን ልትቆናጠጥ ትሞክራለች፣ ትንሸራተታለች፣ ዞራ ትመለሳለች። አሁንም ትንሸራተታለች።

አለቃችን ሹካቸውን አስቀመጡ። «ስንት ደቂቃ ቆመህ አየህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። መሰላሉን እየያዙልኝ ሕጉን ነገሩኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የብራዚል ሕግ ቁጥር 9605 የዱር ወፍ ጎጆ ያለ ፈቃድ ያፈረሰን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ያስራል። እጄ የተንቀጠቀጠው ግን በሕጉ አይመስለኝም። ሞልታውን በመሮ ስፍቀው ደረቅ ሣር ወጣ፣ ከዚያ ላባ፣ ከዚያ ሦስት የተከፈቱ ቢጫ አፎች።

አገሬው «ትንሿ የቤት አንዶሪንያ» ይላታል፤ አንዶሪንያ ማለት ጨረባ ነው። ርዝመቷ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጭቃ አትነካም፤ የገደል ስንጥቅም ሆነ የሰው ጣሪያ፣ ያገኘችው ቀዳዳ ውስጥ ሣርና ላባ አንጥፋ ትኖራለች። እንቁላሉን ሁለቱም ወላጆች 15 ቀን ያህል ይታቀፋሉ፤ ጫጩቶቹ ለመብረር ከ26 ቀን በላይ ይፈጅባቸዋል። ይህን ሁሉ የተማርኩት የቤቱ ባለቤት በየጠዋቱ «መቼ ነው የሚያልቀው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ነው።

ጫጩቶቹ በረሩ። በዚያው ቀን ሞልታዬን አዋህጄ መሰላሉ ሥር ቆምኩ። አለቃዬ ሰዓታቸውን አይተው፣ «እስኪመሽ እንይ» አሉ።

ሲደነጋግዝ ሁለቱ ወላጆች መጡ፤ ልጆቹን አስከትለው። አንድ በአንድ፣ አምስቱም ሊያድሩ ገቡ። ባልዲውን በማግሥቱ በመዶሻ ነው ያጸዳሁት።