ድሬዳዋን የወለዳት የድንጋይ ከሰል ነው

ከድሬዳዋው የከዚራ ለገሃር እስከ ጅቡቲ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። እንዲህም ሆኖ ይህች ከተማ እዚህ ቦታ ለምን ተቆረቆረች ብሎ ነገሩን ወደ ኋላ የሚከተል ሰው መጨረሻው የጦር መርከብ የከሰል መጋዘን ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹንና ቀኖቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

የባሕር ኃይል ሲባል ብዙ ሰው መርከብና መድፍ ይቆጥራል። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን መርከቡ የሚያልቅበት ነገር ምንድን ነው፣ ሲያልቅበትስ የት ሄዶ ይሞላል የሚለው ነው። በየዘመኑ የባሕር ስልት የተቀየረው የዚህ ጥያቄ መልስ በተቀየረ ጊዜ ነው።

በሸራ ዘመን መልሱ ነፋስ ነበር። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከሰሜን ስለሚነፍስ የውቅያኖስ መርከብ ወደ ስዊዝ መውጣት ይቸግረዋል። በ1513 ፖርቹጋላዊው አልቡከርክ የየመኑን ወደብ ኤደንን ለመያዝ ሞክሮ ሲያቅተው ወደ ቀይ ባሕር ገባ፤ ከካማራን ደሴት ብዙም ሳይርቅ ነፋስ ያዘው። በ1541 የመጣው ኢስቴቫኦ ደ ጋማ ከዚህ ተምሮ ትልልቆቹን መርከቦች ምጽዋ ትቶ በመቅዘፊያ በሚሄዱ ጀልባዎች ስዊዝ ድረስ ዘለቀ፤ እዚያ የነበሩትን የቱርክ መርከቦች ለማቃጠል ያሰበው ግን አልተሳካለትም። ኢማም አሕመድን የገጠሙት የወንድሙ የክሪስቶቫኦ 400 ነፍጠኞች ከእነዚያ መርከቦች የወረዱ ናቸው።

እንፋሎት ሲመጣ መርከብ ከነፋስ ነፃ ወጥቶ የከሰል ባሪያ ሆነ። እንግሊዝ በ1839 ኤደንን የያዘችው በአብዛኛው ለዚሁ ነው። በ1869 የስዊዝ ቦይ ሲከፈት ደግሞ ባሕራችን የዓለም መተላለፊያ ሆኖ አረፈው። ፈረንሳይ በዛሬዋ ጅቡቲ ጠረፍ ያለችውን ኦቦክን በ1862 ብትገዛም ሃያ ዓመት ገደማ ዞር ብላ አላየቻትም። በ1884 እና 85 ከቻይና ጋር ስትዋጋ ግን እንግሊዝ ኤደን ላይ ለፈረንሳይ መርከቦች ከሰል ከለከለች። በዚያው ሰሞን ኦቦክ የምር ተያዘች፤ ከ1888 ጀምሮ ደግሞ ለመርከብም ለሲራራ ነጋዴም ወደሚሻለው ወደ ጅቡቲ ተዛወሩ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር መውጣት ነበረበት። አቀበቱ ከባድ፣ ወጪውም የማይቻል ሆነና በ1902 መጨረሻ ከተራራው ግርጌ ቆመ። በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ናት።

ከሰል መሙላት እንዲህ ነበር። መርከቡ ከሰል ከጫነው መርከብ ጎን ይታሰራል። ከሰሉ አንድ ኩንታል ገደማ በሚይዝ ጆንያ እየተሞላ ይጎተታል፣ በወለሉ ቀዳዳዎች ወደ ታች መጋዘን ይገለበጣል። እታች በጨለማ ውስጥ አካፋ የያዙ ሰዎች እስከ ጥግ ድረስ እየገፉ ያስተካክሉታል፤ ጥጉ ካልሞላ የተባለው ቶን አይገባም። አቧራው የተዘጋ በር አያግደውም፤ የመድፍ ማነጣጠሪያ ካልተሸፈነ ይበላሻል። መኮንን ሳይቀር ሁሉም ሰው ይሠራል፣ መርከቡም በዚያ ሰዓት ለጠላት የተመቸ ነው። ጉዞ ከተጀመረ በኋላ መጀመሪያ የሚነደው ለቦይለሩ የቀረበው ከሰል ነው። እሱ ሲያልቅ ከሩቁ መጋዘን በሰው ጉልበት እየተጋዘ ስለሚመጣ፣ እሳት አንዳጆቹ በደከሙበት ሰዓት ሥራው ይበዛል፣ ፍጥነትም ይወርዳል። ተከማችቶ ሙቀቱ መውጫ ያጣ ከሰል ደግሞ ከውስጡ ይግላል፤ በቴርሞሜትር ካልተከታተሉት ራሱ ይቀጣጠላል።

በ1904 ከባልቲክ ወደ ጃፓን የዘመተው የሩሲያ መርከብ ሠራዊት በመንገዱ ላይ የራሱ የከሰል ጣቢያ አልነበረውም። ትልልቆቹ አፍሪካን ዞሩ፣ ከፊሉ በስዊዝ አልፎ ጅቡቲ ጎራ አለ፤ ከሰሉን በአብዛኛው የገዙት ከጀርመን ከሰል ጫኝ መርከቦች ነው። ቀጣዩን ከሰል የት እንደሚያገኙ እርግጠኛ ስላልነበሩ መኝታ ክፍልና ወለል ላይ ሳይቀር ከመሩት። በግንቦት 1905 ከጃፓኖች ጋር ወደተጋጠሙበት ቱሺማ ሲደርሱ መርከቦቹ ከመጠን በላይ ከብደው ዝቅ ስላሉ፣ ጎናቸውን የሚከላከለው የብረት ቀበቶ ብዙው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ነዳጅ ዘይት ይህን ሁሉ አቀለለው። በክብደት ሲመዘን ሙቀቱ ከከሰል ይበልጣል፤ በቱቦ ይገባል፤ አካፋ አይፈልግም፤ ባሕር ላይ እየተጓዙም ከመርከብ ወደ መርከብ ይተላለፋል። ዕዳው ግን ዘይቱ ከሩቅ አገር መምጣቱ ነው። የጣሊያን ባሕር ኃይል በ1940 ምጽዋ ላይ ሰባት አጥፊ መርከቦችና ስምንት ሰርጓጆች ነበሩት። ስዊዝ በእንግሊዝ እጅ፣ ባብ ኤል መንደብ በኤደን ዓይን ሥር ስለነበሩ ያለው ነዳጅ ሲያልቅ የሚተካ አልነበረም። በሰርጓጆቹ ላይ ደግሞ ሌላ መዓት መጣ፦ በአየር ማቀዝቀዣቸው ውስጥ የሚዞረው ሜቲል ክሎራይድ የተባለ ጋዝ ሾልኮ የመርከበኞቹን አእምሮ አወከ፣ የሞቱም አሉ። የቀይ ባሕርን ሙቀት ለመቋቋም የተገጠመ መሣሪያ ነበር። ምጽዋ ሚያዝያ 8 ቀን 1941 ከመያዟ በፊት አራቱ ሰርጓጆች አምልጠው፣ ከጀርመን መርከቦች በተቀበሉት ነዳጅ አፍሪካን ዞረው የፈረንሳዩ ወደብ ቦርዶ ገቡ።

ዛሬ የሚያልቀው ሚሳይል ነው። በ1967 በጥቅምት ወር የግብፅ ትንንሽ ጀልባዎች ከፖርት ሰይድ በተኮሱት ሚሳይል ኢላት የተባለችውን የእስራኤል አጥፊ መርከብ ሲያሰጥሙ፣ ትልቅ መርከብ ትንሹን ያሸንፋል የሚለው ስሌት ያኔውኑ ተናጋ። ከኅዳር 2023 ወዲህ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕር ያሳዩትም ይህንኑ ነው። ብዙ የንግድ መርከቦች በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ በኬፕ ለመዞር ተገደዱ፤ ይህ በእስያና በአውሮፓ መካከል ባለው ጉዞ ላይ ከአሥር ቀን በላይ ይጨምራል።

በቴሌቪዥን የሚወራው የዋጋው ልዩነት ነው፤ ድሮኑ ርካሽ፣ የሚመታበት ሚሳይል ግን በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ለእኔ ግን ከዋጋው ይልቅ ቁጥሩ ያስጨንቃል። የአሁኑ የአሜሪካ አርሌ በርክ አጥፊ መርከብ 96 የሚሳይል ጉድጓዶች አሉት። ሁሉም ለአየር መከላከያ አይደሉም፤ የምድር ዒላማ የሚመታው ቶማሃውክ ሚሳይልና ፀረ ሰርጓጅ መሣሪያም ይካፈሏቸዋል። ለአንድ ዒላማ ሁለት ከተተኮሰ ማለቂያው ሩቅ አይደለም። ነዳጅና ምግብ ባሕር ላይ ይቀበላል፣ ሚሳይል ግን አይሆንለትም። ሚሳይሉን የያዘው ብዙ ሜትር የሚረዝም ሣጥን ቀጥ ብሎ ቆሞ ልክክ ወደሚል ጉድጓድ መውረድ አለበት፤ ማዕበል መርከቡን ትንሽ ካወዛወዘው ሣጥኑ ከጠርዙ ጋር ይላተማል። አሜሪካኖች በጥቅምት 2024 ቾሲን በተባለችው መርከብ ላይ ባዶ ሣጥን ባሕር ላይ አስተላልፈው ሞክረዋል። ይህ የዘወትር ሥራ እስኪሆን ድረስ ጉድጓዱ ባዶ የሆነበት መርከብ ጦርነቱን ትቶ፣ ክሬንና ጸጥ ያለ ውሃ ያለው፣ ባለቤቱም እሺ የሚለው ወደብ ፍለጋ ይሄዳል፤ ልክ በ1884 ኤደን ላይ ከሰል እንደተነፈጉት መርከቦች።