ቅጽ ሳይዙ ክፍል መግባት

የመምህራን ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በተባለ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየኝ ፋይል ነው። ዓመቱ ሲጀመር ዕቅድ ይሞላል፣ መሃል ላይ ሪፖርት ይጻፋል፣ መዝጊያው ሲቃረብ ፖርትፎሊዮው ወፍሮ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ውስጡ ያለውን ማን አንብቦት ያውቃል? ባለቤቱ መምህር ራሱ የአምናውን ገልብጦ ቀኑን ብቻ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። አልፈርድበትም። ማንም የማያነበውን ነገር ከልብህ ጻፍ ማለትም ግፍ ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሞኑን እኛ የሒሳብ መምህራን የጀመርነው ነገር ከፋይሉ ጋር ጨርሶ የማይገናኝ ሆኖ ስላገኘሁት ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ አብረን እናቅዳለን፤ አንዳችን ገብቶ ያስተምራል፤ የቀረነው በተማሪዎቹ መሃል ተበታትነን ተቀምጠን እናያለን፤ ከዚያ ወጥተን ስለ ተማሪዎቹ እንነጋገራለን። ስለ መምህሩ አይደለም። አለባበሱ፣ የሰሌዳ አጠቃቀሙ፣ ድምፁ፣ እነዚህ ሁሉ አይነሱም። ጥያቄው አንድ ነው፤ ልጆቹ ምን እያሰቡ ነበር?

ባለፈው ሳምንት ተራው በዕድሜ ከሁላችን የምታንሰው ባልደረባችን ነበር። ርዕሱ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር ነው። መስኮቱ አጠገብ የተቀመጠ አንድ ልጅ 1/2 + 1/3 የሚለውን 2/5 ብሎ ሠራ። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት ደመረ ማለት ነው። ይህን ስህተት የማያውቅ የሒሳብ መምህር የለም፤ ቀይ እስክሪብቶ አንስተን ኤክስ አድርገን እናልፈዋለን። አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባችን ግን ልጁ ለጓደኛው በሹክሹክታ ሲያስረዳ ሰማው፦ «ከሁለት ጥያቄ አንዱን አገኘሁ፤ ከሦስት ጥያቄ ደግሞ አንዱን አገኘሁ። ስንት ሆነ? ከአምስት ሁለት!»

ውይይቱ ላይ ይህ ሲነገር ሁላችንም ዝም አልን። ጡረታቸው የተቃረበው ጋሼ ሳቅ ብለው «ልጁ እኮ ልክ ነው» አሉ። እውነትም ልክ ነው። የፈተና ውጤት የምንደምረው እንደዚያው ነው። የቀረው ሰዓት በሙሉ እዚች ነጥብ ላይ አለቀ። በፈተናው ምሳሌ ሁለቱ ሙሉዎች የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ የሁለት ጥያቄ፣ ሌላው የሦስት ጥያቄ ነው፤ ሲደመሩም አዲስ የአምስት ጥያቄ ሙሉ ይፈጠራል። ክፍልፋይ ስንደምር ግን ግማሹም ሲሶውም የአንድ ነገር ግማሽና ሲሶ ነው። እኛ ይህን ሳንናገር በቀጥታ «የጋራ ታህት ፈልጉ» ወደሚለው እንሮጣለን። ልጁ ሕጉን ይሸመድደዋል፤ ሐሳቡ ግን እዚያው እንዳለ ይቀራል።

በማግስቱ ልጁን የሰማው ባልደረባችን በራሱ ክፍል ከሕጉ በፊት አንድ ጥያቄ አስቀደመ፦ «ግማሽ ይዘህ ሌላ ጨመርክበት። መልስህ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» 2/5 ደግሞ ከግማሽ ያንሳል። የተወሰኑት ደብተራቸውን መልሰው አዩ። ሁለት ልጆች ግን «እንግዲያው ክፍልፋይ ሲደመር ያንሳል ማለት ነው» ብለው አረፉት! እሱ እየሳቀ ነው የነገረን፤ ለቀጣዩ ውይይትም ይዞት መጣ።

ጃፓኖች ይህን ዓይነት አሠራር ጁግዮ ኬንክዩ ይሉታል፤ መነሻው 19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። የእነሱ አንዱ ትምህርት ለሳምንታት ይመከርበታል፤ የእኛ እዚያ አይደርስም። ከእነሱ የወሰድነው ትልቁ ነገር ዕቅዱ የሁሉም መሆኑ ነው። ትምህርቱ ሲከሽፍ የከሸፈው የሁላችን ዕቅድ እንጂ የእሷ ማስተማር አይደለም። ያቺ ወጣት መምህርት ያን ሁሉ ዓይን ክፍሏ ውስጥ ተሸክማ ያልደነገጠችው ለዚህ ይመስለኛል።

አንድ ክርክር ግን ነበረብን። ርዕሰ መምህራችን ነገሩን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ከዚያም እግረ መንገዳቸውን የሥራ አፈጻጸም ምዘናውን ቅጽ ሊሞሉ አሰቡ። በክፋት አይደለም፤ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ማለታቸው ነው። እኛ አይሆንም አልን። ለነጥብ የሚታይ መምህር የሚያሳየው አንደኛውን፣ አሥር ጊዜ ያስተማረውንና የማይከሽፍበትን ትምህርት ነው። ሕመሙን ደብቆ ሐኪም ቤት እንደሚሄድ ሰው ይሆናል። ምዘና አይኑር አላልንም፤ በሌላ ቀን፣ በሌላ ስም ይምጣ ነው ያልነው። ጥቂት ካቅማሙ በኋላ ተስማሙ፤ ሲመጡም ወረቀት ሳይዙ ከኋላ ይቀመጣሉ። እኔ ለሥራ አመራር ያለኝ አክብሮት የጨመረው ያን ጊዜ ነው።

ከጋሼ ጋር የሆነውንም ልጻፍ። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክፍል ውስጥ የሚደረገውን ንግግር ቀድታ ስትለካ፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት በአብዛኛው አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ መልስ ሳይሰጡ የሚቀሩት ቀነሱ፤ ሳይጠሩ የሚመልሱትም በዙ። ሁላችንም በሥልጠና ሰምተነዋል፤ የሰማነው ግን እዚያው ሥልጠናው አዳራሽ ቀርቷል። ጋሼ ከመግባታቸው በፊት ለወጣቷ መምህርት «ሰዓት ያዢልኝ» አሏት። የማስተማር ዕድሜያቸው ከእሷ ዕድሜ የሚበልጥ ሰው! ከኋላ ሆና እየለካች ጻፈችላቸው። ሲወጡ ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡና «ዝም ማለት ከማስተማር ይከብዳል» አሉ። ቀጥለው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ነገም ግቢ።»

ልምድ ያስተምራል ይባላል፤ የት ሆኖ የተገኘ ልምድ የሚለው ግን አይጠየቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት መምህራንን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ መደጋገፍ በሰፈነባቸው ትምህርት ቤቶች የሚሠሩት ድጋፍ በላላባቸው ከሚሠሩት ይልቅ 38 በመቶ የበለጠ መሻሻላቸውን አሳይቷል። ሁሉም እኩል ዓመት ነው ያስተማሩት።

ሰዓቱስ ከየት መጣ ለሚል፦ ፕሮግራም የሚያወጡት ምክትል ርዕሰ መምህር ለአራታችንም በሳምንት አንድ የጋራ ክፍት ክፍለ ጊዜ አወጡልን። ለዚያ ሲሉ የስንቱን መምህር ፕሮግራም እንዳፈረሱ እሳቸው ያውቃሉ፤ ቅሬታውም እስካሁን አልበረደም። ያለዚህ ግን አይሆንም ነበር። በበጎ ፈቃድ የሚሠራ ነገር የፈተና እርማት እስኪመጣ ነው የሚቆየው። ሲንጋፖር መምህራኖቿ በዓመት እስከ 100 ሰዓት ለሙያ ትምህርት የማዋል መብት አላቸው ስትል ሰዓቱን አስልታ ነው፤ «ትርፍ ጊዜ ስታገኙ» አላለችም።

ከሌሎች የትምህርት ክፍሎች ሁለት መምህራን መጥተን እንይ ብለዋል። አንዱ ደግሞ በግልጽ አልፈልግም ብሏል፤ ትተነዋል። ግዴታ ባደረግነው ቀን መገኘቱን የሚመዘግብ ሰው ይመደባል፤ የሚመዘገብበት ፋይልም ይከፈታል።

ለሚቀጥለው ሳምንት የተመረጠው ርዕስ ክፍልፋይን ለክፍልፋይ ማካፈል ነው። የማስተምረው እኔ ነኝ። ሁለተኛውን ገልብጦ ማባዛት ለምን እንደሚሠራ ለልጆች በምን መንገድ እንደሚነገር እስካሁን አልተስማማንም፤ ጋሼ በገመድ ይሁን ይላሉ፣ ወጣቷ መምህርት በሥዕል ትላለች። ነገ በክፍት ክፍለ ጊዜያችን ሁለቱንም እንሞክራቸዋለን።