የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ፈተና፦ ነጥቡ የት ይጠፋል? ዝግጅቱስ ከየት ይጀምር?

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና፣ ዛሬም ድረስ ብዙ ቤተሰብ «ሚኒስትሪ» የሚለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰኔ ላይ ይሰጣል። የሒሳቡ ፈተና በምርጫ ነው፤ ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይቻልም፤ የሚታረመውም መልስ መስጫው ላይ የጠቆረው ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ መምህሩ አሠራሩን አይቶ ከ5 ማርክ 3 ይሰጥ ይሆናል። እዚህ ግን ዘዴውን አውቆ መጨረሻ ላይ አንድ ምልክት የሳተ ተማሪና ጥያቄው ጭራሽ ያልገባው ተማሪ እኩል ዜሮ ያገኛሉ። ስለዚህ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የደገመ ሁሉ ተዘጋጅቷል ማለት አይቻልም፤ የት የት እንደሚሳሳት ለይቶ ያወቀ ግን ተዘጋጅቷል።

አንድ ጥያቄ ቀረብ ብለን እንይ። ያልታወቀውን ቁጥር «ቀ» እንበለው።

ቀ/2 − (ቀ − 1)/3 = 2

ምርጫዎቹ 0፣ 4፣ 10 እና 14 ናቸው እንበል። የ2 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ስለሆነ ግራና ቀኙን በ6 እናባዛለን፦ 3ቀ − 2(ቀ − 1) = 12። ቅንፉ ሲፈታ 3ቀ − 2ቀ + 2 = 12 ይሆናል፤ ስለዚህ ቀ = 10።

14 ከየት መጣ? −2 ቅንፍ ውስጥ ያለችውን −1 ሲያባዛ +2 እንደሚሆን የዘነጋ ተማሪ 3ቀ − 2ቀ − 2 = 12 ብሎ 14 ያወጣል። ግራውን በ6 አባዝቶ በቀኝ በኩል ያለችውን 2 እንዳለች የተዋት ደግሞ 0 ያገኛል። ሁለቱንም የሳተ 4 ላይ ያርፋል። ሦስቱም መልሳቸውን ከምርጫዎቹ መሀል ስላገኙት ደስ ብሏቸው ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ያልፋሉ። ጥሩ ፈተና አውጪ የተሳሳቱትን ምርጫዎች ዝም ብሎ አይደረድራቸውም፤ ተማሪ የት የት እንደሚሰናከል አስቦ ነው የሚያስቀምጣቸው። «መልሴ ምርጫው ውስጥ አለ» ማለት ታዲያ ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው መልሱን መልሶ ማስገባት ነው፦ 10/2 = 5፣ 9/3 = 3፣ 5 − 3 = 2። ይህን ለማድረግ አሥር ሰከንድ አይፈጅም፤ ከመጀመሪያው የልምምድ ቀን ጀምሮ ልማድ ካልሆነ ግን ፈተና ላይ ትዝ አይልም።

ከታች ክፍል የመጣውን ዕዳ መክፈል

በ8ኛ ክፍል ርዕሶች ላይ የሚጠፋው ነጥብ ሥሩ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ 5ኛ፣ 6ኛ ወይም 7ኛ ክፍል ላይ ይገኛል። ኢኴሽን አልገባኝም የሚል ልጅ በአብዛኛው ያልገባው ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ አዲሱን ርዕስ ከማጥናታችሁ በፊት አንድ ምሽት መድቡና እነዚህን ጥያቄዎች ያለ ምንም እገዛ ሞክሯቸው።

2/3 + 1/4 ስንት ነው? (11/12። ላዕሉን ከላዕል፣ ታህቱን ከታህት የደመረ 3/7 ይላል።) −7 − (−4)? (−3።) 18 − 6 ÷ 3 × 2? (14። ማካፈልና ማባዛት እኩል ደረጃ ስላላቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ፤ ማባዛትን ያስቀደመ 17 ያገኛል።) 0.3 × 0.2? (0.06፣ 0.6 አይደለም።) ከ−3/4 እና ከ−2/3 የሚበልጠው የቱ ነው? (−2/3። ወደ −9/12 እና −8/12 ስትቀይሯቸው ወዲያው ይታያል።) −3² እና (−3)² እኩል ናቸው? (አይደሉም፤ የመጀመሪያው −9፣ ሁለተኛው 9 ነው። ቅንፍ ከሌለ ርቢው የሚመለከተው 3ን ብቻ ነው።)

ፐርሰንትንም አትዝለሉት። 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት 1,150 ብር የተሸጠ ዕቃ ከቫት በፊት ዋጋው ስንት ነበር? ብዙዎች የ1,150ን 15 በመቶ ቀንሰው 977.50 ብር ይላሉ። 15 በመቶው የተሰላው ግን ከቫት በፊት በነበረው ዋጋ ላይ ነው፤ ስለዚህ 1,150 ÷ 1.15 = 1,000 ብር። «የምን 15 በመቶ?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ልጅ እንዲህ ያለ ጥያቄ አያመልጠውም።

ከእነዚህ ሁለት ወይም ሦስት ከሳታችሁ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ እዚያው ላይ አውሉት። ካልኩሌተር ስለሌለ በቃል መያዝ ያለባቸው ነገሮችም አሉ፦ የማባዛት ሰንጠረዥ እስከ 12፣ ዳግም ርቢ እስከ 20²፣ ሣልስ ርቢ እስከ 10³። ሽምደዳ ለሒሳብ አይጠቅምም ሲባል ትሰሙ ይሆናል፤ ለእነዚህ ግን ይጠቅማል። 17² = 289 መሆኑን በቃሉ የያዘ ልጅ የሚያተርፈው ጊዜ ለከባዱ ጥያቄ ይውላል።

የ8ኛ ክፍል ርዕሶች ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ዳግም ዘር ላይ፣ √(9 + 16) ሲባል መጀመሪያ ደምሩ፦ √25 = 5። ለየብቻ ዘሩን አውጥቶ 3 + 4 = 7 ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። √0.09 = 0.3 ነው፤ √0.9 ግን 0.3 አይደለም፣ 0.95 ገደማ ነው። የ27 ሣልስ ዘር 3 እንጂ 9 አይደለም፤ ለ3 ማካፈል ሌላ ሥራ ነው። ሌላም የሚያምታታ አለ፦ √25 ሲባል 5 ብቻ ነው፤ ቀ² = 25 ሲባል ግን መልሱ 5 እና −5 ነው።

ኢንኢኳሊቲ ላይ ዋናው ወጥመድ አንድ ነው። −2ቀ > 6 ሲሆን ግራና ቀኙን ለ−2 ስናካፍል ምልክቱ ይዞራል፤ ቀ < −3። ከተጠራጠራችሁ አንድ ቁጥር ሞክሩ፦ −4 ስታስገቡ 8 > 6 ይሆናል፣ እውነት ነው።

ተመሳሳይ ቅርጾች ላይ የጎን፣ የዙሪያና የስፋት ምጥጥን ይደበላለቃል። የሁለት ተመሳሳይ ጎነ ሦስቶች የጎን ምጥጥን 3፦5 ከሆነ የዙሪያቸውም 3፦5 ነው፤ የስፋታቸው ግን 9፦25 ነው። የትንሹ ስፋት 27 ካሬ ሴንቲ ሜትር ከሆነ የትልቁ 75 ነው። 45 ያገኘ ተማሪ በጎን ምጥጥን አባዝቷል፤ 45 ደግሞ ምርጫው ውስጥ እንደሚኖር አትጠራጠሩ።

ፓይታጎረስን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሚሳሳተው የቱ ጎን ሃይፖቴነስ እንደሆነ ሳያይ ስለሚደምር ነው። ሃይፖቴነሱ 13፣ አንዱ ጎን 5 ከሆነ ይቀነሳል፦ 169 − 25 = 144፣ ሌላው ጎን 12። 3-4-5፣ 5-12-13፣ 8-15-17 እና 7-24-25ን ብትይዟቸው ብዙ ስሌት ይቀርላችኋል። የዩክሊድ ቴረም ላይ፣ ከቀጤ ነኩ ማዕዘን ወደ ሃይፖቴነስ የወረደው ከፍታ ሃይፖቴነሱን 4 እና 9 አድርጎ ከከፈለው ከፍታው √(4 × 9) = 6 ነው። ጎኖቹን ለማግኘት ግን ቁራጩ የሚባዛው በጠቅላላው በ13 ነው፦ √(4 × 13) እና √(9 × 13)። ለከፍታው ሁለቱ ቁራጮች፣ ለጎኑ በአጠገቡ ያለው ቁራጭና ሙሉው። ሥዕሉን ራሳችሁ ሥላችሁ ሦስት አራት ጊዜ ካልሠራችሁት ይህ አይያዝም።

ክብ ላይ፣ በአንድ ቅስት ላይ ያረፈ የመሀል ማዕዘን 100 ዲግሪ ከሆነ በክቡ ዙሪያ ላይ ሆኖ ያንኑ ቅስት የሚያየው ማዕዘን 50 ዲግሪ ነው። ዲያሜትር ላይ ያረፈው ሁልጊዜ 90 ነው። ሥዕሉን በዓይን ለክታችሁ አትመልሱ፤ የፈተና ሥዕል ብዙ ጊዜ በልኩ የተሣለ አይደለም።

የሲሊንደር ይዘት ላይ ዲያሜትርን እንደ ሬዲየስ መውሰድ መልሱን አራት እጥፍ ያደርገዋል። ዲያሜትሩ 14፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሲሊንደር፣ ፓይ 22/7 ሲወሰድ፣ ይዘቱ 1,540 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 14ን እንደ ሬዲየስ የወሰደ 6,160 ያገኛል። ኮንና ፒራሚድ ላይ 1/3ን አትርሱ።

ፕሮባቢሊቲ ቀላል ነጥብ የሚገኝበት ርዕስ ነው፤ የዓመቱ መጨረሻ ላይ ስለሚደርስ ግን ብዙ ጊዜ በጥድፊያ ይታለፋል። ሁለት ሳንቲም ሲወረወር ውጤቶቹ አራት ናቸው፣ ሦስት አይደሉም፤ ሰው-አንበሳ እና አንበሳ-ሰው ለየብቻ ይቆጠራሉ።

አጠናኑ

የተሠራ ምሳሌ ማንበብ የመግባት ስሜት ይሰጣል፤ ስሜቱ ግን ያታልላል። ምሳሌውን አንብቡ፣ መጽሐፉን ዝጉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥሩት። መሀል ላይ ከቆማችሁ ያ የቆማችሁበት መስመር ነው የሚጠናው።

አንድ ደብተር ለስህተት ብቻ ያዙ። ጥያቄውን፣ የሳታችሁትን መስመር እንዳለ፣ ለምን እንደሳታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያም ቁጥሩ የተቀየረ ተመሳሳይ ጥያቄ ጻፉበት። «በግድየለሽነት» ብላችሁ አትጻፉ፤ ያ ምክንያት ምንም አያስተምርም። «ቅንፍ ፊት የመቀነስ ምልክት ሲኖር ሁለተኛውን ምልክት አልቀየርኩም» በሉ። ጥያቄውን ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከአሥር ቀን በኋላ መልሱን ሸፍናችሁ ድገሙት። ሁለቱንም ጊዜ ከተሠራ ሰርዙት።

በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 45 ደቂቃ፣ ቅዳሜ ከሚደረግ የአራት ሰዓት ጥናት ይሻላል። ሚያዝያን ለታች ክፍል ዕዳና ለመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች፣ ግንቦትን ለጂኦሜትሪ፣ ለይዘትና ለፕሮባቢሊቲ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ለድሮ ፈተናዎችና ለሞዴል አውሉ። ሦስት ያህል የድሮ ፈተናዎችን ሳትነኳቸው ለዚያ አቆዩ። ያንኑ ወርክሺት ደጋግሞ የሠራ ልጅ በመጨረሻ የሚያስታውሰው አሠራሩን ሳይሆን «7ኛው ሐ ነው» የሚለውን ነው።

ፈተናው በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት ቦታ ያሉ ተማሪዎች የቃላት ዝርዝርም ያስፈልጋቸዋል። «አት ሊስት 5» ሲል 5ንም ይጨምራል፤ «ሞር ዛን 5» ሲል 5 የለበትም። «5 ሌስ ዛን ኤ ነምበር» ቀ − 5 ነው፣ 5 − ቀ አይደለም። «ኖት» የሚለውን ቃል ባያችሁ ቁጥር አስምሩበት።

ወላጆች፣ ሒሳቡን ባታውቁትም መርዳት ትችላላችሁ። ልጁ አንድ ጥያቄ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጣችሁ በየመስመሩ «ይሄ ለምን ሆነ?» በሉት። ማስረዳት ያቃተው መስመር ላይ ምልክት አድርጎ ለመምህሩ ወይም ለአስጠኚው ይዞ ይሂድ። ከማርኩ ይልቅ የስህተት ደብተሩን ጠይቁት።

ፈተናው ቀን

ሁለት የተቀረጹ ኤችቢ እርሳሶች፣ ንጹሕ ላጲስና መቅረጫ ይዘጋጁ። 50 ጥያቄ በ90 ደቂቃ ቢሆን ለአንዱ የሚደርሰው 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ነው፤ የእናንተን ፈተና የጥያቄ ብዛትና ጊዜ እንደገባችሁ አይታችሁ በዚሁ መንገድ አስሉት። በመጀመሪያው ዙር አሠራሩ ወዲያው የታያችሁን ብቻ ሥሩ። ሁለት ደቂቃ ካለፈው ጥያቄ ላይ ተነሡ፤ ቁጥሩን አክብባችሁ እለፉ። አንድ ጥያቄ ስትዘሉ መልስ መስጫውም ላይ ያንን ረድፍ መዝለላችሁን አረጋግጡ፤ አንድ ረድፍ ከተዛነፈ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ይበላሻል። በየአምስት ጥያቄው የጥያቄውንና የረድፉን ቁጥር አመሳክሩ። ስታጠፉ ሙሉ በሙሉ አጥፉ፤ ግማሽ የጠፋ ጥቁረት እንደ ሁለት መልስ ሊቆጠር ይችላል።

የተሳሳተ መልስ ነጥብ የማይቀንስ ከሆነ ባዶ አትተዉ። ሊሆኑ የማይችሉትን መጀመሪያ ሰርዙ፦ ከ1 የበለጠ ፕሮባቢሊቲ፣ ከሃይፖቴነስ የረዘመ ጎን፣ ነጌቲቭ የሆነ ስፋት። ኢኴሽን ከሆነ ደግሞ የቀሩትን ምርጫዎች አንድ በአንድ አስገቡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሁሉንም ከመጀመሪያው አትከልሱ። ቅንፍ ፊት የመቀነስ ምልክት ያለባቸውን፣ ዲያሜትር የተሰጠባቸውን፣ «ኖት» ወይም «አይደለም» የሚል ያለባቸውንና በስህተት ደብተራችሁ ውስጥ ሦስት ጊዜ የተመዘገበውን ዓይነት ጥያቄ አስቀድሙ። ግልጽ ስህተት ካላገኛችሁ የጠቆረውን መልስ አትቀይሩ።