በሩ ሁለት ሰዓት ላይ ሲዘጋ ውጭ የሚቀሩት

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት የሰባተኛ ክፍል ሆም ሩም መምህርት ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ዩኒት ሊደር ሆኜ እሠራለሁ። በእነዚህ ዓመታት ከማስተማሩ ቀጥሎ ብዙ ድካሜን የወሰደው የተማሪዎች ከትምህርት ገበታ መቅረት ነው። ምን እንዳደረግኩ፣ ከሞከርኩትም የትኛው እንደያዘና የትኛው እንደከሸፈ ብጽፈው፣ በዚሁ ሥራ ላይ ላሉ መምህራን ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በቁም ነገር እንድመለከተው ያደረጉኝ በሁለተኛው ዓመት፣ የካቲት ላይ፣ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ከተሰጠ በኋላ የመጡ አንዲት እናት ናቸው። በልጃቸው ካርድ ላይ የቀረበት ቀን ብዛት በሚሰፍርበት ረድፍ 17 የሚል ቁጥር በእኔ እጅ ተጽፏል። ልጁ በየማለዳው ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣ እንደነበር፣ እሳቸውም በየሰው ቤት ልብስ ለማጠብ ሲሄዱ እስከ አስፋልቱ ድረስ አብረውት ይራመዱ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያም «አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ሲቀር፣ አንድ ቀን እንኳ ልጅሽ የት ገባ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው እንዴት ይጠፋል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በአቴንዳንሱ ላይ በየቀኑ ምልክት ያደርግ የነበረው የክፍሉ አለቃ ነው፤ እኔ ያደረግኩት በመንፈቁ መጨረሻ ደምሬ ወደ ካርዱ መገልበጥ ብቻ ነበር። ልጁ እነዚያን ቀናት ያሳለፈው ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ባለ ብሎኬት ማምረቻ ውስጥ ብሎኬት ውሃ እያጠጣ እንደነበር በኋላ ተረዳን። ዕድሜው 13 ነበር።

የትምህርት ቤታችን መተዳደሪያ ደንብ በወረቀት ላይ ሲታይ ጥብቅ ነው። ሦስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ወላጅ ያመጣል፣ አምስት ቀን የቀረ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ጉዳዩ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። ደንቡን እያነበብኩ ሳሰላስለው ግን ሁለት ጉድለት ታየኝ። አንደኛው፣ በመጀመሪያው ቀንና በሁለተኛው ቀን ማንም ምንም እንዲያደርግ አያዝም፤ መቅረት የሚጀምረውም፣ በቀላሉ የሚመለሰውም በእነዚያ ቀናት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የባሰ ነው፦ ወላጅ ሳያመጣ እንዳይገባ የተነገረው ልጅ ወላጁን ከፈራ ወይም ወላጁ ከቀን ሥራ መቅረት የማይችል ከሆነ፣ የአንድ ቀን ጥፋቱ በእኛው ትእዛዝ የአራትና የአምስት ቀን መቅረት ይሆንበታል።

ይህንኑ በየማለዳው በር ላይ አየሁት። ሰልፍ 1፡45 ላይ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል፤ ያረፈደም እንዲመለስ ይነገረዋል። የተመለሰ ልጅ ግን ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ወደ ጆተኒው፣ ወደ ፑል ቤቱ፣ ወይም ጭነት ወደሚራገፍበት ወደ አደባባዩ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ከበሩ ውጭ ደብተር ይዤ ቆምኩና እያንዳንዱን ያረፈደ ተማሪ ምክንያቱን ጠየቅኩ፤ ለመቅጣት እንዳልሆነም አስቀድሜ ነገርኳቸው።

ያገኘሁት መልስ ከጠበቅኩት የተለየ ነበር። በአካባቢያችን ውሃ በፈረቃ የሚመጣ በመሆኑ፣ ተራው በደረሰበት ማለዳ ጀሪካን የሚሞሉት ልጆቹ ናቸው፤ የአንድ ሰፈር ልጆች በአንድ ቀን አብረው የሚያረፍዱት ለዚህ ነበር። ከሩቁ ብሎክ የሚመጡት ሃይገሩ በሠራተኛ ሞልቶ ስለሚያልፋቸው በእግራቸው ይመጣሉ። እናታቸው በሌሊት ለሥራ የሚወጡባቸው ታናናሾቻቸውን አብልተውና አድርሰው ነው የሚደርሱት። ያለ ምክንያት የተዝናኑም አልጠፉም፤ ቁጥራቸው ግን ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ከሁሉ ያሳዘነኝ ደግሞ ቁርስ የሚበሉት በትምህርት ቤቱ ምገባ የሆኑ ልጆች፣ በሩ ሲዘጋባቸው ከትምህርቱ ጋር ቁርሳቸውንም ማጣታቸው ነው።

ደብተሩን ይዤ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስገባ ክርክሩ ቀላል አልነበረም። ባልደረቦቼ «በሩ ከተከፈተ ሥርዓት ይላላል፣ በሰዓቱ የሚመጣውም ማርፈድ ይጀምራል» አሉ። እውነታቸውን ነበር፤ ለሙከራ በሩን ክፍት ባደረግንባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት የአርፋጁ ቁጥር ጨምሯል። በመጨረሻ የተስማማነው በዚህ ነው፦ ያረፈደ ሁሉ ይገባል፤ ነገር ግን ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስሙንና ምክንያቱን ያስመዘግባል፣ ያመለጠውንም ክፍለ ጊዜ ማስታወሻ ከትምህርት በኋላ እኔ ወይም ተረኛው መምህር ባለንበት ገልብጦ ይሄዳል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ያረፈደ ቤተሰቡ ይደወልለታል እንጂ ልጁ ወደ ቤት አይላክም። ከትምህርት በኋላ መቆየቱ ለብዙዎቹ ከመባረር ይልቅ ከበዳቸው፤ በሦስተኛው ወር ገደማ የሚያረፍደው ያው የውሃና የትራንስፖርት ችግር ያለበት ልጅ ብቻ ወደ መሆኑ ተቃረበ። ከውሃ ተረኞቹ ሰፈር ለሚመጡት ደግሞ ርዕሰ መምህሩ በፈረቃው ቀን የግማሽ ሰዓት ፈቃድ ሰጧቸው። ይህ ውሳኔ እስካሁን ከሁሉ የማከብርላቸው ነው።

ሁለተኛው ለውጥ የዚያኑ ዕለት ስልክ መደወል ነው። እስከ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ የቀሩትን ስም ከየክፍሉ እሰበስባለሁ፤ በእረፍት ሰዓት እደውላለሁ። መጀመሪያ ያጋጠመኝ እንቅፋት በመዝገቡ ላይ ካሉት ስልኮች ብዙዎቹ የማይሠሩ ወይም የሌላ ሰው መሆናቸው ነበር። ስለዚህ በየመስከረሙ ለእያንዳንዱ ተማሪ ሁለት ቁጥር እንዲመዘገብ አደረግን፤ አንዱ የወላጅ፣ ሌላው የጎረቤት ወይም የቅርብ ዘመድ፤ ሁለቱንም በዚያው ሳምንት ደውለን አረጋገጥን። የስልክ ካርዱን መጀመሪያ ከኪሴ ገዛሁ፤ በኋላ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ወጪውን ወሰደልኝ።

በስልኩ ላይ የሚባለው ቃል ትልቅ ልዩነት እንዳለው የተማርኩት ከስህተቴ ነው። በመጀመሪያ «ልጅዎ ዛሬ ከትምህርት ቤት ቀርቷል» እል ነበር። እንዲህ ብዬ ከነገርኳቸው አባቶች አንዱ ማታ ልጁን ክፉኛ ገረፉት፤ ልጁም ሳምንቱን ሙሉ ሳይመጣ ቀረ፤ ሲመጣም ዓይኔን ማየት አልፈለገም። ያን ልጅ ወደ ዱላው የመራሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ የምለው «ልጅዎ ዛሬ ስላልመጣ አሞት ይሆን ብዬ ነው፤ ደኅና ነው ወይ?» ነው። በቤታቸው ዱላ እንዳለ ለማውቃቸው ልጆች ደግሞ አስቀድሜ ራሳቸውን ማን ጋር ልደውል ብዬ እጠይቃለሁ፤ አክስት፣ አያት፣ ታላቅ እህት ይሉኛል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 28፣ መንግሥታት ተማሪዎች አዘውትረው እንዲገኙ የሚያበረታታና ማቋረጥን የሚቀንስ እርምጃ እንዲወስዱ ካዘዘ በኋላ፣ በዚያው አንቀጽ የትምህርት ቤት ሥርዓት አያያዝ ከሕፃኑ ሰብአዊ ክብር ጋር የሚስማማ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱ ትእዛዞች በአንድ አንቀጽ ሥር መቀመጣቸውን በየስብሰባው አነሳለሁ፤ አንዱን ለመፈጸም ሌላውን መጣስ አይቻልምና።

አቴንዳንሱንም ቀየርን። ምልክቱን ከክፍል አለቃው እጅ ወስደን ለመምህሩ ሰጠን፤ የጓደኛውን ስም እንዲያጋልጥ ሸክም የተጣለበት ልጅ አንዳንዱን ቢደብቅ ሊፈረድበት አይገባም። በኤክስ ምልክት ፋንታም የምክንያቱን የመጀመሪያ ፊደል እንጽፋለን፦ ሕመም፣ ሥራ፣ ውሃ፣ በዓል፣ ሐዘን፣ ፎርፌ። ምክንያቱ ገና ያልታወቀው ባዶ ሳጥን ሆኖ ይቆያል፤ ባዶው ሳጥን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መሞላት አለበት። ይህ ቀላል ነገር ያሳየንን ያህል ሌላ ምንም አላሳየንም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የገበሬ ልጆች ለአጨዳና ለውቂያ ይቀራሉ፤ ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ የሽምብራ እሸት በአስፋልቱ ዳር የሚሸጡት ይጨምራሉ። ለገበሬዎቹ በዓመቱ መጀመሪያ ስብሰባ ጠርተን፣ አጨዳውን ለቅዳሜና እሑድ እንዲያመቻቹ፣ ካልሆነም ልጁ የሚቀርበትን ቀን አስቀድመው እንዲያስፈቅዱ ተነጋገርን። ሁሉም አልሰሙንም፤ ፈቃድ የሚጠይቁት ግን በየዓመቱ እየበዙ ነው፤ አስፈቅዶ የቀረን ልጅ ደግሞ ያለፈውን ትምህርት ማካካስ ይቻላል።

በፊደሎቹ መካከል «ሕመም» ተብሎ በየወሩ ሦስትና አራት ቀን የሚደጋገምባቸው ስሞች ነበሩ፤ ሁሉም የሴቶች ነበሩ። የወር አበባ ነው። ሞዴስ መግዣ የላቸውም፤ በትምህርት ቤቱ መጸዳጃም ብዙ ቀን ውሃ አይኖርም ነበር። ሴት ሆኜ ይህን ለመገንዘብ ይህን ያህል ዓመት መፍጀቴ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከሴት መምህራን ጋር ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል ሞዴስ፣ ሳሙናና ሁለት በርሜል ውሃ አስቀመጥን፤ በርሜሎቹን በፈረቃው ቀን የጥበቃ ሠራተኛው ይሞሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከእነዚህ ልጆች መካከል ብዙዎቹ በወር ከአንድ ቀን በላይ አይቀሩም።

ትክክለኛው ፎርፌ፣ ማለትም ከግቢው ገብቶ ከእረፍት በኋላ በቆርቆሮው አጥር ክፍተት መውጣት፣ ሌላ ጠባይ አለው። አጥሩን ሦስት ጊዜ አስጠገንን፤ ሦስት ጊዜ ተከፈተ። በየክፍለ ጊዜው ስም መጥራት ስንጀምር ግን ልጆቹ የሚወጡበት ሰዓት ታወቀ፤ በአብዛኛው መምህር ያልገባበት ክፍለ ጊዜ ነበር። ይህን በመምህራን ስብሰባ ላይ ማቅረብ ከባድ ነበር፤ ያቀረብኩትም ማንንም በስም ሳልጠራ ነው። አንድ መምህር ሲቀር የሚተካው ተረኛ አስቀድሞ እንዲታወቅ ሠንጠረዥ አወጣን፤ ያ ሠንጠረዥ በተከበረበት ሳምንት ፎርፌው ይቀንሳል፤ ባልተከበረበት ሳምንት ይመለሳል። የእኛን መቅረት ሳንመዘግብ የልጆቹን ብቻ የምንመዘግብበት መዝገብ ሐቀኛ አይደለም።

በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በምን ምክንያትም ይሁን ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ የቀረ ተማሪ ሥር የሰደደ መቅረት ያለበት ተብሎ እንደሚቆጠር አነበብኩና መለኪያውን ወሰድኩት። የትምህርት ቀኑ 20 በሆነ ወር ሁለት ቀን ማለት ነው። ፈቃድ ያለውንም የሌለውንም አብሮ መቁጠሩ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር፤ ነገር ግን በሕመምም ሆነ በፎርፌ የቀረ ልጅ ያመለጠው የሒሳብ ትምህርት ያው ነው። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ ሁለትና ከዚያ በላይ የቀሩትን ስም እያወጣሁ እያንዳንዳቸውን ብቻቸውን አነጋግራለሁ።

ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ ወደ ነበረው ልጅ ልመለስ። ከወላጅ ኮሚቴው አንድ አባት ጋር ሆነን ባለቤቱን አነጋገርናቸው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር እንደሚከለክልም አስረዳናቸው። ልጁ የከሰዓት ተማሪ መስሏቸው እንደነበር ነገሩን፤ በማግስቱም አሰናበቱት። ነገር ግን የሚያገኘው ገንዘብ ለቤት ኪራይ ይውል ስለነበር፣ እናቱ በትምህርት ቤቱ ምገባ ከሚያበስሉት እናቶች መካከል እስኪገቡ ድረስ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወደ ቀን ሥራ ሄዷል። ሰባተኛን ደገመ፤ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ያለፈው ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው።

እስካሁን መላ ያላገኘሁለት በዓመቱ መካከል ቤተሰባቸው ቤት የሚለቅባቸውን ልጆች ነው። ከመሀል ከተማ ወደ እኛ ሰፈር የሚዛወሩ አሉ፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር ከእኛ ሰፈር ወደ ዱከም አቅጣጫ የሚወጡም አሉ። መሸኛ ሳይወስድ የሄደ ልጅ ከእኛ መዝገብ ይሰረዛል፤ በሌላ መዝገብ መግባቱን ግን ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ልጁ መቀመጡን በስልክ እስኪያረጋግጥልኝ ድረስ ስሙን አልሰርዝም። በዚህ ዓመት እንዲህ ካሉት ስሞች ሁለቱ አሁንም በደብተሬ ላይ አሉ፤ ዘወትር ሰኞ፣ በእረፍት ሰዓት፣ የአንደኛዋን አክስትና የሌላኛውን የቀድሞ ጎረቤት እደውላለሁ።