አባዬ የሌለበት ክረምት

አባዬ የውጭ ጉዳይ ሰው ነበር። ግንቦት 1992 መጨረሻ ላይ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራን ጦርነት ለማቆም ለሚደረገው ድርድር ከልዑካኑ ጋር ወደ አልጀርስ ሲሄድ «ብዙም አልቆይ» ብሎን ነበር፤ ተመልሶ እፎይ ብሎ ቤቱ የተቀመጠው ግን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው።

እማዬ መምህርት ስለነበረች ክረምት ዕረፍቷ ነው። ያን ዓመት ግን አላረፈችም። ጣሪያው ሲያፈስ ሠራተኛ ፈልጋ የምታመጣው እሷ፣ ዕድር የምትከፍለው እሷ፣ አባዬ የሚደርስበትን ለቅሶ ሁሉ ስለ እሱ የምትደርሰው እሷ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ጠዋት የፍሳሹን ውሃ ከሳፋው እንደፋለን፣ ከሰዓት ከሰል አያይዘን በቆሎ እንጠብሳለን። መብራት ሲጠፋ ነበር ጭንቁ፤ ዜና ያመልጠናላ! የምሽቱ 2 ሰዓት ዜና በቤታችን እንደ ጸሎት ሰዓት ነበር፤ ማንም አይናገርም።

ዜናውን አብረውን የሚያዩ ጎረቤት ነበሩ፤ አጥር የምንጋራቸው፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው። ቴሌቪዥን አልነበራቸውም። ልጃቸው ቡሬ ግንባር ነበር። ዜናው ሊጀምር ሲል ባዘቷቸውንና እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በሩ አጠገብ ዱካ ላይ ይቀመጣሉ። የሚፈትሉት ለልጃቸው ጋቢ ነው። ስለ ስብሰባና ስለ እርሻ ሲወራ እንዝርቱ ይሾራል፤ «ግንባር» የተባለ እንደሆነ ቀጥ ይላል፣ ክሩም ጣታቸው ላይ እንደተወጠረ ይቀራል። ዜናው ሲያልቅ ወደ እኔ ዞረው «አባትሽ ምን አሉ፣ ልጄ?» ይሉኛል። ሁልጊዜ እኔን ነው የሚጠይቁት፤ እማዬን ላለማስጨነቅ ይመስለኛል።

አባዬ ደግሞ ምንም አይልም። ሲደውል መስመሩ ይንጫጫል፣ የራሴ ድምፅ ተመልሶ ይሰማኛል። «ደህና ናችሁ? ጣሪያው ተሠራ? እናትሽን አግዣት።» «መቼ ትመጣለህ?» ስለው «ሥራው ሲያልቅ፣ የኔ ልጅ» ነው መልሱ። ስለ ድርድሩ በስልክ እንዳንጠይቀው እማዬ ገና ሳይሄድ አስጠንቅቃናለች። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደማይነጋገሩ፣ የአልጄሪያው አሕመድ ኡያሂያና የአሜሪካው አንቶኒ ሌክ በመካከላቸው እየተመላለሱ እንደሚያደራድሩ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ግን ዝምታው የጭካኔ ይመስለኝ ነበር። በጣም ይናፍቀኝ ነበር። እማማ ባሉበት ናፍቆቴን ማንሳት ግን ያሳፍረኛል፤ የእኔ አባት ያለው ሆቴል፣ የእሳቸው ልጅ ያለው ምሽግ ውስጥ።

እሑድ ሰኔ 11 ተኩስ ለማቆም ተፈራረሙ። የሁለቱ አገሮች የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ የእኛው ሥዩም መስፍንና የኤርትራው ኃይለ ወልደንሳኤ፣ ሲፈርሙ በቴሌቪዥን አየን። ወንድሜ «ያውና አባዬ! ከኋላ!» ብሎ ጮኸ፤ እኔ ሳላየው ምስሉ ተቀየረ። እማማ እልል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ዝም ብለው ተነሡ። በማግስቱ ሰኔ ሚካኤል ነበርና ገና ሳይነጋ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።

እኔማ አባዬ በዚያው ሳምንት የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ንግግሩ ግን ወደ ዋሽንግተን ተሻገረ፤ የእሱ ምሽት የእኛ ሌሊት ሆነና ስልኩ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይጮህ ጀመር። እማዬ በባዶ እግሯ ትሮጣለች። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መርዶም ሊሆን ስለሚችል፣ «ሃሎ» ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ፍልሰታ ገባ። እማማ እየጾሙ ቅዳሴ ይውላሉ፣ ሲመለሱ በእኛ በር ያልፋሉ። አንድ ቀን ጸበል ሲሰጡኝ «ለሁለቱም ነው የምለምነው፤ አባትሽ ቶሎ ሲጨርሱ ነው የኔም የሚመጣው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ «መቼ ትመጣለህ?» ማለቱን ተውኩት። «በርታ» እለው ጀመር፤ እሱም ግራ እየገባው «እሺ» ይለኛል።

ቡሄ ካለፈ በኋላ ከስቶ መጣ። አንድ ቀን ሙሉ ተኛ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እማማ መጥተው «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ በልተዋል?» አሉት፤ ጥያቄያቸውን ግን አላነሱም። አባዬ ነው ራሱ ዱካውን ስቦ አጠገባቸው የተቀመጠው። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች እንደሚገቡ፣ የኤርትራ ጦር ከኛ ጦር 25 ኪሎ ሜትር ርቆ እንደሚቀመጥ ነገራቸው።

«25 ኪሎ ሜትር ከዚህ እስከ የት ይሆናል?»

«እስከ ሰበታ ቢሆን ነው፣ እማማ። መድፍ እንዳይደርስ ተብሎ ነው።»

«ሰበታማ ሩቅ ነው» አሉና ደግመው ጠየቁት፦ ማን ይጠብቀዋል? ጥሰው ቢገቡስ? ሬዲዮው ለምን እንዲህ አይለንም? አባዬ አንድም ሳያስቀር መለሰላቸው። ሥራው ምን እንደሆነ ከአፉ የሰማሁት ያን ዕለት ነው፣ ለእሳቸው ሲያስረዳ።