መዝገቡ አለ፣ የሚያነበው የለም

ገዢያችን የላከልኝ ኢሜይል ሁለት መስመር ነበር። አንድ የባች (በአንድ ዙር የተመረተ ዕቃ) ቁጥር ጠቅሶ «ጥሬ ዕቃው ከማን መጣ? ከዚሁ ባች የቀረው ካርቶን የት ነው? ዛሬውኑ አሳውቁን» ይላል። እኛ የምግብ ዱቄት ፈጭተን፣ አሽገን ወደ ውጭ የምንልክ ዘጠኝ ሰዎች ነን። ይህን በአምስት ደቂቃ የምትመልስ የጥራት ተቆጣጣሪ ነበረችን፤ ያኔ ከለቀቀች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር።

ፋይሉን ገለጥኩት። ምንም አልጎደለም፤ ግን «ማ2-ጠ» ምንድን ነው? ሁለተኛው ማድረቂያ ይሁን ሁለተኛው ማሸጊያ እንጃ። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ (178/2002) የምግብ ነጋዴ ዕቃውን ከማን እንደገዛና ለማን እንደሸጠ እንዲያሳይ ያዛል። ግዴታው የገዢያችን ቢሆንም ጭንቁ እኔ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

እያፈርኩ ደወልኩላት። ደግ ናት፣ ነገረችኝ። የሄደችው ለደመወዝ መስሎኝ ስለነበር አንስቼ ጠየቅኳት።

«ደመወዙ አይደለም። ለኦዲት የማዘጋጀው እኔ፣ ከገዢ ጋር የሚነጋገሩት እርስዎ። ምን እንዳሉ እንኳን ነግረውኝ አያውቁም» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም።

በምትኳ ከውጭ ባለሙያ አልቀጠርኩም። ከአሻጊዎቻችን አንዷ ዱቄቱን በመዳፏ ጨበጥ አድርጋ «ይሄ አልደረቀም» ትላለች፤ የእርጥበት መለኪያውም ብዙ ጊዜ ከእሷ ጋር ይስማማል። የሃሳፕ (የምግብ ደህንነት አደጋን አስቀድሞ የመለየትና የመቆጣጠር ሥርዓት) ሥልጠና ላክኳት። አሁን መዝገቡን በየሳምንቱ ከሌላ ሠራተኛ ጋር እየተፈራረቁ ይይዙታል፤ አሕጽሮተ ቃል ክልክል ነው። (መጀመሪያ ላይ ሥራው ተጓተተ፤ እኔም ተነጫንጬ ነበር።)

ለአሜሪካ ገበያ ያዘጋጀነውን መለያ ያስቆመችውም እሷ ናት። «ቅመማ ቅመም» ብለን ባለፍነው ድብልቅ ውስጥ ሰሊጥ አለ። እዚያ ደግሞ ሰሊጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ዘጠነኛው ዋና አለርጂ አምጪ ሆኖ በስሙ መጻፍ አለበት። ማተሚያ ቤት ሊገባ አንድ ቀን ነበር የቀረው።

ባለፈው ወር ከገዢው ጋር በቪዲዮ ስንነጋገር ከጎኔ አስቀመጥኳት። ሁለት ጊዜ ላቋርጣት አፌን ከፍቼ ተውኩት። መጨረሻ ላይ «ካርቶኖቹ እናንተ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን ይቆያሉ? ሙቀቱስ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄው አላውቅም።